ለሥራ መመላለሻ ብስክሌት በቀላሉ የማይበሳ ጎማ አመራረጥ፡- የላሊበላ-ነአኩቶ ለአብ መንገድ እንደ ማሳያ

ከላሊበላ ከተማ ወደ ሹምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ፣ ከመጨረሻዎቹ የዛጉዌ ነገሥታት አንዱ በሆነው በነአኩቶ ለአብ ስም የሚጠራው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያው የተሠራው 2 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። በመሆኑም ከከተማዋ ተነስቶ በዚህ አቅጣጫ ለሥራ ለሚመላለስ ሰው መንገዱ ጠዋት ቁልቁለት፣ ማታ ዳገት ይሆናል።

በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ በብስክሌት የሚጓዝ መምህር፣ የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የቅርስ ጥበቃ ሠራተኛ ጎማው ከተማ ውስጥ ቢበሳበት ጎሚስታ ዘንድ ወስዶ ያስለጥፋል። ከከተማ ርቆ ሳለ ቢበሳበት ግን ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ከመጓዝ ውጭ ምርጫ አይኖረውም። በዚህ ምክንያት የሚባክነው ሰዓት የእርሱ ብቻ አይደለም። የሚጠብቁት ተማሪዎች፣ ልጆቻቸውን ለማስከተብ የተሰበሰቡ እናቶች ወይም ለባለጉዳይ የተቀጠረ ቀጠሮም ጭምር ይስተጓጎላሉ። ጎማው በተደጋጋሚ ሲበሳ ደግሞ ሠራተኛው ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ በእግሩ መጓዝ ይመርጣል። በመሆኑም የጎማ አመራረጥ ቀላል የሚመስል ነገር ግን ከሥራ ሰዓት አጠቃቀም ጋር በቀጥታ የተያያዘ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ አሁን ትኩረት የሚሻበት ምክንያትም አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳለፈው ውሳኔ በየዓመቱ ግንቦት 26 ቀን የዓለም የብስክሌት ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኗል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚቆይ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ በማዘጋጀት የእግረኛና የብስክሌት ጉዞን የትራንስፖርት ሥርዓቱ አካል አድርጋለች። ሜዳማ በሆነችው ባሕር ዳር ብስክሌት ለረጅም ዘመን የሠራተኛውና የተማሪው መጓጓዣ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። በላስታ ዓይነት ተራራማ አካባቢ ግን ብስክሌት የዕለት ተዕለት መመላለሻ እንዲሆን የመሣሪያው ምርጫ ከመንገዱ ጋር መጣጣም ይኖርበታል።

የውድድር ጎማ እና የሠራተኛ ጎማ

በገበያ ላይ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ በቀጫጭን ጎማ የተሠራውን የውድድር ብስክሌት ፈጣን ነው ብሎ ይመርጣል። የዚህ ብስክሌት ጎማ ለፍጥነት ሲባል ቀጭንና ቀላል ተደርጎ የተሠራ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በሆነበት ወቅት፣ እንደማንኛውም ተወዳዳሪ ሁሉ መለዋወጫ ጎማ የጫነ የቡድን መኪና ከኋላው ይከተል ነበር። ተወዳዳሪ ጎማው ቢበሳ በሰከንዶች ውስጥ ሌላ ይቀየርለታል። ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ አቅጣጫ ለሥራ የሚጓዝ ሠራተኛ ግን ከኋላው የሚከተለው መኪና የለም። ስለሆነም የሚያስፈልገው ጎማ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ ቢሆንም ካሰበበት የሚያደርሰው ነው።

በቅድሚያ የተበሳበትን ምክንያት መለየት

ጎማ በተበሳ ቁጥር ወፍራም ጎማ መግዛት ተገቢ መፍትሔ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ ጎማን የሚያስተነፍሱ ምክንያቶች የተለያዩ በመሆናቸው መፍትሔያቸውም ይለያያል። ምክንያቱን ለማወቅ የውስጥ ጎማውን አውጥቶ ቀዳዳው የት እንዳለና ምን እንደሚመስል ማየት በቂ ነው።

አንደኛ፣ ቀዳዳው አንድ ብቻ ሆኖ መንገዱን በሚረግጠው በኩል ከተገኘ ምክንያቱ እሾህ፣ ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪ ወይም ሽቦ ነው። በቀላሉ የማይበሳ ጎማ የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ከታዩ፣ ምክንያቱ የአየር ማነስ ነው። በቂ አየር ያልተሞላ ጎማ ከድንጋይ ወይም ከጉድጓድ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ የውስጥ ጎማው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ይህን የትኛውም የመከላከያ ንጣፍ አያስቀረውም። መፍትሔው አየር በአግባቡ መሙላት ወይም ሰፋ ያለ ጎማ መጠቀም ነው።

ሦስተኛ፣ ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ የቸርኬው ሽቦ ጫፍ ወጥቷል ወይም ሽቦዎቹን የሚሸፍነው ጥብጣብ ተበልቷል ማለት ነው። ጥብጣቡን መለወጥ እንጂ ጎማ መለወጥ አይጠቅምም።

አራተኛ፣ የአየር መግቢያው ቫልቭ ከሥሩ ከተቀደደ የውስጥ ጎማው ልክ ከውጭው ጋር አለመጣጣሙን ወይም ጎማው በአየር ማነስ ምክንያት በቸርኬው ላይ መንሸራተቱን ያሳያል።

ይህን ሳይለዩ ውድ ጎማ መግዛት ገንዘብን ያለ ውጤት ማውጣት ነው። በተለይም ለሠራተኞቻቸው ብስክሌት የሚያቀርቡ መሥሪያ ቤቶች የተበሱ የውስጥ ጎማዎችን ሳይጥሉ አከማችተው ቢመለከቱ የትኛው ችግር እንደሚደጋገም በቀላሉ መረዳት ይችላሉ።

በደጋው መንገድ ላይ ጎማን የሚጎዱ ነገሮች

በሰሜን ወሎ ደጋማ አካባቢዎች አርሶ አደሩ ማሳውንና ግቢውን በግራር፣ በአጋምና በቀጋ ቅርንጫፍ ማጠር የቆየ ልማዱ ነው። የአጥር እሾህ በመንገድ ላይ እየተጎተተ ሲያልፍ የሚረግፈው ስባሪ ለብስክሌት ጎማ ዋነኛ ስጋት ይሆናል። የግራር እሾህ ረጅምና ቀጥ ያለ በመሆኑ ቀጭን ጎማን በቀላሉ ያልፋል። የቀጋ እሾህ ደግሞ አጭርና ቆልማማ ስለሆነ በጎማው ላይ ተሰክቶ ከቆየ በኋላ በእያንዳንዱ ዙር ወደ ውስጥ እየገባ ጎማውን በዝግታ ያስተነፍሰዋል። ጠዋት ሙሉ የነበረ ጎማ ማታ ጎድሎ ሲገኝ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በአስፋልት መንገድ ላይ ያለው ስጋት ከዚህ ይለያል። ተሽከርካሪዎች የሚበትኑት ጠጠርና የጠርሙስ ስባሪ ብስክሌተኛው በሚጓዝበት የመንገድ ዳር ይከማቻል። ከተቃጠለ ወይም ከፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ የሚወጣው ቀጭን የብረት ሽቦም ለዓይን ሳይታይ ይሰካል። በክረምት ወራት ጎርፍ ጠጠሩን ወደ አስፋልቱ ያወጣዋል። ከዚህም ሌላ እርጥብ የጠርሙስ ስባሪ ከደረቁ ይልቅ ላስቲክን በቀላሉ ስለሚቆርጥ፣ በዝናብ ጊዜ ጎማ የመበሳቱ ዕድል ከፍ ይላል።

በከተማ ውስጥ በድንጋይ ንጣፍ በተሠሩ መንገዶችና በገጠር ኮረኮንች ላይ ደግሞ የድንጋይ ጠርዝ የጎማውን ጎን ይቆርጣል፤ የአየር ማነስ ካለም የውስጥ ጎማውን ይቆነጥጣል። አንድ ሠራተኛ በአንድ ጉዞ እነዚህን ሁሉ ሊያገኝ ስለሚችል ለአስፋልት ብቻ የተሠራ ጎማ አይበቃውም።

የመከላከያ ንጣፍ ዓይነቶች

በአየር የሚሞላ የብስክሌት ጎማ በተግባር ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ከሠራው ወዲህ ነው። ጎማው ምቾትን ቢያመጣም የመበሳት ችግርን አብሮ አምጥቷል። አምራቾች ይህን ለመከላከል መንገዱን ከሚረግጠው ላስቲክ ሥር ተጨማሪ ንጣፍ ያስገባሉ። ንጣፉ በዋናነት በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ከጠንካራ ክር የተሸመነ ንጣፍ ነው። ከእነዚህ ክሮች ታዋቂው የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ስቴፋኒ ክዎሌክ እ.ኤ.አ. በ1965 ባገኘችው ግኝት ላይ የተመሠረተው ኬቭላር ሲሆን፣ ቬክትራን የተባለውም በተመሳሳይ አገልግሎት ላይ ይውላል። የክር ንጣፍ ቀላል በመሆኑ የጎማውን ፍጥነት ብዙም አይቀንስም። የጠርሙስ ስባሪንም በሚገባ ይቋቋማል። ይሁን እንጂ ቀጭንና ሹል እሾህ በክሮቹ መካከል ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል።

ሁለተኛው ወፍራም የላስቲክ ንጣፍ ነው። ለምሳሌ ሽዋልበ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ማራቶን ፕላስ በተሰኘው ጎማው ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ይጠቀማል። እሾሁ ወይም ሚስማሩ ከንጣፉ ውፍረት ያነሰ እስከሆነ ድረስ የውስጥ ጎማው ጋ አይደርስም። እሾህ ለሚበዛበት መንገድ ይህ ዓይነቱ ተመራጭ ነው። ጉድለቱ ክብደት የሚጨምርና በሜዳ ላይ የመሽከርከር ቅልጥፍናን የሚቀንስ መሆኑ ነው።

ሁለቱም ንጣፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍኑት የጎማውን ወለል እንጂ ጎኑን አይደለም። በኮረኮንች ላይ የሚጓዝ ሰው ጎኑም በተጠናከረ ሽመና የተሸፈነ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። ከዚህ ጋር ሊታወቅ የሚገባው ፈጽሞ የማይበሳ በአየር የሚሞላ ጎማ የሌለ መሆኑ ነው። ረጅም የግራር እሾህ 5 ሚሊ ሜትር ንጣፍንም ያልፋል። ጥሩ ጎማ የሚሠራው የመበሳቱን ድግግሞሽ መቀነስ ነው።

ስፋትና የአየር መጠን

ለዚህ ዓይነቱ መንገድ ከንጣፉ እኩል ወሳኝ የሆነው የጎማው ስፋት ነው። ሰፊ ጎማ በዝቅተኛ የአየር ግፊት ስለሚሠራ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ይለጠጣል፤ ስለታም ነገርም በኃይል አይጫነውም። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ለሆነ ሰው 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ከ75 እስከ 80፣ 32 ሚሊ ሜትር የሆነው ከ60 እስከ 70፣ 37 ሚሊ ሜትር የሆነው ከ50 እስከ 60፣ 50 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ ከ35 እስከ 45 ፒ.ኤስ.አይ. አየር ይበቃዋል። ከባድ ሰው ወይም ጭነት የያዘ ብስክሌት ጭማሪ ያስፈልገዋል። የኋላው ጎማ የበለጠ ክብደት ስለሚሸከም ከፊተኛው ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይሞላል። በማንኛውም ሁኔታ ግን በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ መጠን ማለፍ አይገባም።

የውድድር ብስክሌት ያለው ሰው ሰፋ ያለ ጎማ ከመግዛቱ በፊት በብስክሌቱ አካልና በፍሬኑ መካከል ያለውን ክፍተት መለካት ይኖርበታል። ብዙ ቆየት ያሉ የውድድር ብስክሌቶች ከ25 ወይም ከ28 ሚሊ ሜትር በላይ አይቀበሉም። ጎማው ከገባ በኋላ በግራና በቀኝ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካልቀረ በጭቃ ጊዜ ይታነቃል።

ረጅም ቁልቁለት ባለበት መንገድ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቸርኬውን ይዞ የሚያቆም ፍሬን ያለማቋረጥ ሲያዝ ቸርኬው ይግላል፤ በጎማው ውስጥ ያለው አየርም አብሮ ይሞቃል፤ ግፊቱም ይጨምራል። እስከ መጨረሻው መጠን የተሞላ ጎማ በዚህ ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። በመሆኑም የፊትና የኋላ ፍሬንን እያፈራረቁ፣ አልፎ አልፎም እየለቀቁ መውረድ ይመከራል።

ወፍራም ጎማ በዳገት ላይ

ብዙዎች ወፍራም ጎማን የሚፈሩት ማታ ወደ ላሊበላ በሚወስደው ዓይነት ዳገት ላይ ያደክመናል በሚል ነው። ሂሳቡ ግን ይህን ያህል አያስፈራም። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ግራም በሚመዝን ብስክሌት ሲወጣ ጠቅላላ ክብደቱ 80 ኪሎ ግራም ነው። ሁለቱ ወፍራም ጎማዎች በድምሩ 800 ግራም ቢጨምሩ ጭማሪው ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። ጎማው ሲሽከርከር የሚፈጥረው ተጨማሪ ጫና ከክብደቱ ይልቅ የሚሰማው በሜዳ ላይ ነው። ይኸውም ቢሆን በ7 ኪሎ ሜትር ጉዞ የሚያስከትለው መዘግየት፣ የተበሳ ጎማን መንገድ ዳር ለመለጠፍ ከሚወስደው ጊዜ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

የጎማ ቁጥር አነባበብና ግዢ

በግዢ ወቅት በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ስህተት የልክ አለመጣጣም ነው። በኢንች የሚገለጸው ቁጥር አሳሳች ነው። ለምሳሌ 26 በ1.75 የተባለው ጎማ 559 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ቸርኬ ላይ ሲገባ፣ 26 በ1 3/8 የተባለው ግን 590 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ሁለቱም “26” ቢባሉም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በተመሳሳይ 28 በ1 1/2 የሆነው የቆየ ሞዴል ብስክሌት ቸርኬ 635 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የውድድር ብስክሌቶች ቸርኬ 622 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህን ለማስቀረት አይ.ኤስ.ኦ. 5775 በተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት በጎማው ጎን ላይ የሚጻፈውን ጥንድ ቁጥር መመልከት ያስፈልጋል። ለምሳሌ 37-622 ማለት የጎማው ስፋት 37 ሚሊ ሜትር፣ የቸርኬው ልክ 622 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

የመሥሪያ ቤት ግዢ ሲሆን ጉዳዩ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በጨረታ ሰነድ ላይ “የብስክሌት ጎማ” ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተጫራች የሚያመጣው ቀጭኑንና ንጣፍ የሌለውን ነው። አቅራቢውም ሕግ አልጣሰም፤ ያልተጠየቀውን አላቀረበም። በመሆኑም በቴክኒክ መግለጫው ላይ ጥንድ ቁጥሩ፣ የመከላከያ ንጣፉ ዓይነትና ውፍረት፣ የጎን መጠናከር፣ የቫልቩ ዓይነት እንዲሁም የመለዋወጫ የውስጥ ጎማ ብዛት በግልጽ መስፈር ይኖርባቸዋል። ቫልቩ የመኪና ዓይነት ቢሆን በማንኛውም ጎሚስታ አየር ለመሙላት ያመቻል።

ዋጋን በተመለከተ የመግዣውን ብር ብቻ ሳይሆን ጎማው የሚያገለግልበትን ርቀት መቁጠር ተገቢ ነው። በቀን 14 ኪሎ ሜትር የሚመላለስ ሠራተኛ በሳምንት 70፣ በ45 የሥራ ሳምንታት 3 ሺህ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ወፍራም ጎማ ዋጋው የቀጭኑ እጥፍ ሆኖ የሚያገለግልበት ርቀትም እጥፍ ከሆነ በኪሎ ሜትር የሚወጣው ወጪ እኩል ነው። ያልተከፈለው የጎሚስታ ሂሳብና ያልባከነው የሥራ ሰዓት ንጹህ ትርፍ ይሆናል።

ሌሎች አማራጮች

አዲስ ጎማ መግዛት ለማይችል ሰው በውጭውና በውስጥ ጎማው መካከል የሚገባ የመከላከያ ጥብጣብ አለ። ይህም ካልተገኘ ያረጀ የውስጥ ጎማን በቁመቱ ቆርጦ መደረብ ይቻላል። የጥብጣቡ ጠርዝ ስለታም ከሆነ ግን ራሱ የውስጥ ጎማውን ስለሚፈገፍግ ጠርዙን ማለዘብ ያስፈልጋል።

ቀዳዳን ከውስጥ የሚደፍን ፈሳሽም በሥራ ላይ ይገኛል። ለእሾህ ቀዳዳ ጥሩ ሲሆን፣ በወራት ውስጥ ስለሚደርቅ በየጊዜው መጨመር አለበት። አየር የማይሞላ ድፍን ጎማ ደግሞ ባይበሳም ንዝረቱን ሁሉ ለቸርኬውና ለተጓዡ ስለሚያስተላልፍ ለኮረኮንች መንገድ አይመረጥም።

በየዕለቱ የሚደረግ ጥንቃቄ

የትኛውም ጎማ ያለ ክትትል አያገለግልም። አየር በሳምንት አንድ ጊዜ መለካት፣ ከሥራ መልስ ጎማውን በዝግታ እያሽከረከሩ የተሰካ እሾህና ስባሪ መንቀል፣ ከንጣፉ በላይ ያለው ላስቲክ ሲያልቅ ጎማውን መለወጥ ያስፈልጋል። የተበሳ ጎማ ከመለጠፉ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጥ በጨርቅ ዳብሶ የበሳውን ነገር ማውጣት ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ የተለጠፈው በዚያው ቅጽበት እንደገና ይበሳል።

ከከተማ ርቆ የሚሄድ ሠራተኛ አንድ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ የእጅ መንፊያ፣ ጎማ ማላቀቂያ፣ መለጠፊያ፣ ማስቲሽና ብርጭቆ ወረቀት በቦርሳው ቢይዝ የተሻለ ነው። መንገድ ዳር የውስጥ ጎማውን ለውጦ መሄድና የተበሳውን ቤት ገብቶ መለጠፍ ጊዜ ይቆጥባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው በጥድፊያ የተለጠፈ ጎማ ብዙ አይቆይም።

በጥቅሉ ሲታይ ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው ዓይነት መንገድ ለሚመላለስ ሰው፣ ብስክሌቱ እስከፈቀደ ድረስ ከ32 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ስፋት፣ ወፍራም የላስቲክ ንጣፍና የተጠናከረ ጎን ያለው ጎማ ተመራጭ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የተበሳውን የውስጥ ጎማ አውጥቶ ቀዳዳውን መመርመር ይገባል። ብስክሌት ለሠራተኞቻቸው የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶችም ከብስክሌቱ ጋር ተስማሚ ጎማና የመጠገኛ ዕቃ አብረው ቢያቀርቡ፣ የተገዛው ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ ከመቆም ወጥቶ ሠራተኛውን በሰዓቱ ከሥራ ገበታው ያደርሰዋል።